ስቴን፣ ስናድርና የኤንፊልዱ ፋብሪካ



የዚህ ወር የታሪክ ገጽ ስለ ጠመንጃ ነው። አትደንግጡ፣ ምክንያት አለኝ።

እኔ የማስተምረው ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ነው። በቅርቡ አንዱ ተማሪዬ በአዘቦቱ ትምህርት ቤት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራውን የቤት ሥራ ይዞ መጣ። በእርሳስ የሣለው መሣሪያ ነበር፤ ቀጭን ቱቦ፣ በግራ ጎኑ የወጣ የጥይት ካዝና፣ ከኋላው ከብረት ዘንግ የተሠራ ባዶ ሰደፍ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ስቴን ጋን» ብሎ ጽፎበታል። «ቲቸር፣ ይሄ በአማርኛ ምንድን ነው የሚባለው?» አለኝ። ጠመንጃ አልኩት። «አይ፣ ጠመንጃ ራይፍል ነው። ይሄ ሰብማሽን ጋን ነው።» እሺ፣ መትረየስ አልኩት። «መትረየስ ማሽን ጋን ነው ብለሽን ነበር!» («ብለውን» ማለት ነበረበት፤ እሱን ለሌላ ቀን።) ልጁ ልክ ነው። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ሥዕሉን አስፈቅጄው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ልጇን ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት አይታው በር ላይ ያዘችኝ። «እህቴ፣ እኛ ከጠመንጃ ሸሽተን ነው እዚህ የመጣነው። እናንተ ደግሞ ልታስተምሯቸው ነው?» አለችኝ። ንግግሯ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ብዙዎቻችን የጥይት ድምፅ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ከሰኞ እስከ ዓርብ እየተማሩት ነው። የሚማሩት ግን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ የሚነግራቸው ከእኔና ከእናንተ ሌላ ሰው የለም።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ጋር እንዳይምታታባቸው ብዬ ነው።)

ከኤንፊልድ እንጀምር። ከእናንተ መካከል እዚያ የምትኖሩ አላችሁ። ኤንፊልድ ሎክ ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ በኦርድናንስ ሮድ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ፣ ውሃውን ተሻግራችሁ አዳዲስ ቤቶች ያሉበት መንደር ትደርሳላችሁ። ኤንፊልድ አይላንድ ቪሌጅ ይባላል። መሀሉ ላይ የሰዓት ማማ ያለው ረጅም የጡብ ሕንፃ ቆሟል። ሱቅ አለው፣ ሰው ይኖርበታል፣ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። ያ ሕንፃ የእንግሊዝ መንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካ ነበር። በ1816 ተከፍቶ በ1988 ተዘጋ። ያኔ ኤንፊልድ ለንደን ውስጥ አልነበረችም፤ የለንደን አካል የሆነችው በ1965 ነው። ይቺን ሕንፃ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በ1940 በጋ የእንግሊዝ ጦር ፈረንሳይ ላይ ተሸንፎ በደንከርክ ወደብ በኩል በመርከብና በጀልባ አመለጠ። ሰዉ ተረፈ፤ መሣሪያው ግን እዚያው ቀረ። መድፉ፣ መኪናው፣ መትረየሱ ሁሉ። ጀርመን ዛሬ ነገ ባሕሩን ይሻገራል ተብሎ ሲጠበቅ ወታደሩ የሚይዘው አጣ። ጀርመኖቹ ደግሞ ጦርነቱን የጀመሩት ሰብማሽን ጋን ይዘው ነው፤ የሽጉጥ ጥይት ጎርሶ እንደ መትረየስ የሚያዘንብ አጭር መሣሪያ ማለት ነው። እንግሊዞች ከጦርነቱ በፊት ንቀውት ነበር። ሲቸግራቸው ከአሜሪካ ቶምሰን የሚባለውን መግዛት ጀመሩ። አንዱ ቶምሰን እስከ 200 ዶላር ያወጣ ነበር፤ በዚያ ላይ የሚያመጡትን መርከቦች የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መንገድ ላይ ያሰምጧቸዋል። ችግር በቅቤ ያስበላል እንደሚባለው ነው።

መጀመሪያ ያደረጉት የጠላትን መኮረጅ ነው። ኤም ፒ 28 የተባለውን የጀርመን መሣሪያ ገልብጠው ላንቼስተር ብለው ዳግነም ውስጥ ሠሩት። ዳግነምም ዛሬ ለንደን ናት። ላንቼስተር ጥሩ ነበር፤ ግን ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሥራውም ጊዜ ይፈጃል። ያኔ ኤንፊልድ ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ ሻለቃ ሬጅናልድ ሼፐርድና ነዳፊው ሃሮልድ ተርፒን፣ ሌላ ነገር አሰቡ። ውበት ይቅር፣ እንጨት ይቅር፣ የተቀረጸ ብረት በተቻለ መጠን ይቅር። ቱቦ፣ ሞላ፣ ብየዳ ይበቃል አሉ። በ1941 መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው ናሙና ተሠራ። ከሼፐርድ «ኤስ»፣ ከተርፒን «ቲ»፣ ከኤንፊልድ «ኢ ኤን» ተወስዶ ስሙ ስቴን ሆነ።

እዚህ ላይ ቀኑን ልብ በሉልኝ። በዚያው ጥር ወር፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቀሉ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ስቴን በብዛት ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አርበኞቻችን አምስቱን ዓመት የተዋጉት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሳይኖራቸው ነው ማለት ነው። ስቴን ደግሞ ለአርበኛ የተሠራ የሚመስል መሣሪያ ነበር። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ስቴን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 32 ጥይት ይጎርሳል፤ በደቂቃ 500 ያህል ይተኩሳል። ቃታውን ስበው ካልለቀቁት ካዝናው በ4 ሴኮንድ ውስጥ ባዶ ነው። ማነጣጠሪያው የተስተካከለው ለ100 ያርድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዕድል ነው። ዋጋው ወደ 10 ዶላር ነበር፤ በአንድ ቶምሰን ሃያ ስቴን። ተፈታትቶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ለመግጠም ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጎርሰው የጠላትን ጥይት ነው። ጀርመንም ጣልያንም የሚጠቀሙበትን 9 ሚሊሜትር ጥይት ሆን ብለው መረጡለት፤ ከጠላት የማረከ ሰው ጥይት አያጣም። የማረኩትን ተኩሰው ሌላ የሚማርኩት የኛ አርበኞች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እላለሁ።

ታዲያ ይህን ያህል ስቴን ማን ሠራው? ይሄን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ መርተን ውስጥ፣ ላይንስ ብራዘርስ የሚባል የመጫወቻ ፋብሪካ ነበር። ሦስት ወንድማማቾች ያቋቋሙት ነው፤ ሦስት መሥመር ሦስት ማዕዘን ይሠራል ብለው የዕቃቸውን ስም «ትራይአንግ» አሉት። የቆርቆሮ መኪና፣ የአሻንጉሊት ቤት፣ የሕፃናት ብስክሌት ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ መንግሥት ስቴን ሥሩ አላቸው። ቆርቆሮ መጨፍለቅ፣ ማጠፍና መበየድ የዕለት ሥራቸው ስለሆነ ሦስተኛውን ዓይነት ስቴን ለነሱ በሚመች መንገድ አቀለሉት፤ አካሉ ከአንድ ላሜራ ተጠቅልሎ ከላይ የተበየደ ነው። ከዚያ አንድ ፋብሪካ ብቻ ከ870,000 በላይ ስቴን ወጣ። በጠቅላላው፣ ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ጋር፣ ከ4 ሚሊዮን ያላነሰ ተሠርቷል። ጦርነቱ ሲያልቅ መርተን ወደ መጫወቻዋ ተመለሰች።

«ጎበዝ መሣሪያ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ ሥዕሉን የሣለው ልጅ። የዚህ መልሱ እንደ ጠያቂው ነው። የያዙት ወታደሮች መጀመሪያ አይተውት ሳቁ። «የቧንቧ ሠራተኛ ቅዠት» አሉት፤ «የዉልወርዝ ጠመንጃ» አሉት። ዉልወርዝን የምታስታውሱ አላችሁ፤ ያ ሁሉ ነገር በርካሽ የሚሸጥበት፣ በ2009 መጀመሪያ ላይ የመጨረሻ ሱቁን የዘጋው። ሳቁ አልፎ ችግሩ መጣ። ስቴን ያለ ማስጠንቀቂያ ይተኩሳል። አቀባብሎ የያዘው ወታደር መሬት ላይ ቢጥለው፣ ከመኪና ሲወርድ ሰደፉን ቢመታው፣ ቃታ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ይነክሳል። ካዝናው ውስጥ ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው መውጫው ላይ አንድ ረድፍ መሆን አለባቸው፤ እዚያ ላይ ይጋፋሉ። ከንፈሩ ትንሽ ከተጣመመ፣ አፈር ከገባበት፣ አለቀ። ይሄ ጉድለት ከየት መጣ ብትሉ ከኮረጁት የጀርመን መሣሪያ ነው፤ ካዝናውን እንዳለ ወስደውት ነበር። ልምድ ያላቸው ወታደሮች በ32ቱ ፈንታ 28 ወይም 30 ብቻ ያጎርሱት ነበር።

ስቴን በዓለም ሁሉ ፊት የከሸፈበት ቀን ግንቦት ወር 1942 ነው፤ በ27ኛው ቀን፣ ፕራግ ከተማ። ራይንሃርድ ሃይድሪክ የሚባል የናዚ ከፍተኛ ሹም ቼኮችን ይገዛ ነበር፤ አይሁዶችን ለመፍጀት ከተማከሩት ዋነኞች አንዱ ነው። እንግሊዝ አገር የሠለጠኑ ሁለት ወጣቶች፣ ዮዜፍ ጋብቺክና ያን ኩቢሽ፣ በአውሮፕላን ሄደው በፓራሹት ወርደው ወራት ተደብቀው ጠበቁት። መንገዱ በሚጠመዘዝበት ቦታ መኪናው ሲዘገይ ጋብቺክ ከኮቱ ሥር ስቴኑን አውጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ቃታውን ሳበ። ምንም የለም። ሃይድሪክ መኪናው እንዲያመልጥ በማድረግ ፈንታ ሽጉጡን መዘዘ፤ ኩቢሽ ያን ጊዜ ቦምብ ወረወረ። ሃይድሪክ ቆስሎ ከሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 4፣ ሞተ። ስቴኑ ለምን እንደከሸፈ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ቀጥሎ የሆነውን ስታነቡ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣ ነገር ይኖራል። ጀርመኖች ሊዲሴ የምትባል መንደር ከበቡ። ወንዶቹን ረሸኑ፣ ሴቶቹን ማጎሪያ ካምፕ ላኩ፣ ከልጆቹ ብዙዎቹን ገደሉ፣ ቤቶቹን አቃጥለው መሬቱን አስተካከሉ።

እኛ ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አለን። ከፕራጉ አምስት ዓመት በፊት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ወረወሩ፤ ቦታው ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ታረደች፤ በቤንዚን ነደደች። ከነፃነት በኋላ መንግሥታችን የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታወቀ። ወሬውን እዚህ ለንደን ያሰሙልን ከነበሩት ግንባር ቀደሟ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው፤ ዉድፎርድ ከሚገኘው ቤታቸው ሆነው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። የሚሰማቸው ሰው ብዙ አልነበረም። በ1937 እንግሊዝ አገር ከኢጣልያ ጋር ወዳጅነት ትፈልግ ነበር፤ በ1942 ጠላቷ ነበረች። ሊዲሴን ዓለም ወዲያው አወቃት። የእኛው በጊዜው ያን ያህል አልተነገረም። ልጄ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ሌላው ግማሽ የምለው አንዱ ይሄ ነው፤ ስቴኑን ያመጣው ልጅ ስለ ፕራግ የሚያነብ ከሆነ ስለ ስድስት ኪሎም ይስማ።

ስለ ኢጣልያኖቹ መሣሪያ አንድ አንቀጽ ብቻ፦ ቤሬታ 1938 ይባላል፤ ቱሊዮ ማሬንጎኒ የሠራው ነው። ስቴን አጠገብ ቢቀመጥ እንደ ጌጥ ነው። የእንጨት ሰደፍ፣ ሁለት ቃታ (አንዱ ለነጠላ፣ አንዱ ለሩምታ)፣ ማነጣጠሪያው እስከ 500 ሜትር። ትክክለኛነቱንና አለመንከሱን ጠላት ሳይቀር መሰከረለት። የመጀመሪያው ትዕዛዝ የመጣው ከማን መሰላችሁ? ቅኝ ግዛቶቹን ከሚጠብቀው ከኢጣልያ አፍሪካ ፖሊስ ነው። ፋሽስት ኢጣልያ ምርጡን ሰብማሽን ጋን መጀመሪያ የፈለገው እኛን ለመሰለ ሕዝብ መጠበቂያ ነበር። ችግሩ፣ ጥሩ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ጦሩ በሚያስፈልገው ቁጥር በጊዜው አልደረሰለትም። ለንደን ግን መጥፎውን በሚሊዮን ሠራች፤ ከአውሮፕላን በፓራሹት ለፈረንሳዩ፣ ለኖርዌዩ፣ ለዴንማርኩ አርበኛ በተነችው። ዴንማርኮችና ኖርዌዮች ራሳቸው በድብቅ ጋራዦች ገልብጠው ሠሩት። በመጨረሻ፣ በ1945 ገደማ፣ ብረትና ጊዜ ያለቀባቸው ጀርመኖችም ስቴንን ኮረጁ። መጀመሪያ የተኮረጀባቸው እነሱ አልነበሩ? ብድር ተመለሰ።

አሁን ወደዚያች የሰዓት ማማ ወዳላት ሕንፃ እንመለስ። ስቴን ኤንፊልድ ከርካሽ ነገር ያወጣችው የመጀመሪያው መሣሪያ አይደለም።

በ1860ዎቹ የአውሮፓ ጦር ከአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ትቶ ከኋላ ወደሚጎርስ እየተሸጋገረ ነበር። እንግሊዝ መቶ ሺዎች አሮጌ የኤንፊልድ ጠመንጃዎች ነበሯት፤ መጣል ከሰራት። ጄኮብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ መላ አመጣላት፦ የአሮጌውን ጠመንጃ ኋላ ቆርጦ ወደ ጎን የሚከፈት መዝጊያ መግጠም። ጥይቱን በዉሊች የመንግሥት ፋብሪካ ኮሎኔል ቦክሰር አዘጋጀው። በፊት በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ ብቻ ይተኩስ የነበረ ወታደር አሁን እስከ 10 ይተኩሳል፤ በዚያ ላይ ሳይቆም፣ ተኝቶ ማጉረስ ይችላል። ስናይደር ራሱ ገንዘቡን ሳያይ በ1866 ዕዳ እንደተጫነው እዚሁ ለንደን ሞተ።

ያ ጠመንጃ መጀመሪያ የተፈተነው በማን ላይ ነው? በእኛ ላይ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዕለተ ስቅለት፣ መቅደላ ሥር እሮጌ በሚባለው ሜዳ። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከቀይ ባሕር መጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየጣለ፣ በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው የቴዎድሮስ ጦር ከአምባው ወርዶ ገጠመ። አብዛኛው የያዘው በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ነው። እንደ ልማዱ አሰበ፦ ጠላት አንዴ ይተኩሳል፣ እስኪያጎርስ እንደርስበታለን። የስናድር ጭንቀት እዚህ ላይ ነው፤ ያ «እስኪያጎርስ» የሚባለው ጊዜ ጠፋ። ተኩሱ አልቆም አለ። ገብርዬ ወደቁ። ከኢትዮጵያውያኑ 700 ያህሉ እዚያው ሞቱ፣ ከዚያ የሚበልጡ ቆሰሉ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ሰዎች ናቸው። ሁለት! ሦስት ቀን ቆይቶ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ቀን ከናፒየር ጋር የተሰለፉት የሕንድ ወታደሮች ስናድር አልተሰጣቸውም ነበር። ከ1857ቱ የሕንዶች አመፅ በኋላ እንግሊዞች ሕንዶቹን በመሣሪያ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ማቆየት ልማድ አድርገውት ነበርና። የፑንጃብ ወታደሮች እሮጌ ላይ በሳንጃ ጨብጠው ተዋጉ። ክፍላችን ውስጥ ይህን ስናገር አንዷ ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛዋ ፑንጃቢ ናት፣ «ሰኞ እነግራታለሁ» ብላ ጻፈችው።

ታዲያ አንዱ ፋብሪካ፣ አንዱ ሕንፃ፣ ልጆቻችን የሚኮሩበትን የፀረ ናዚውን መሣሪያም እሮጌ ላይ የጨረሰንንም ሰጠ። ባለፈው ጉብኝታችን ቼልሲ ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም የሄዳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከመቅደላ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ለብዙ ዓመት እዚያ ነበር፣ በ2019 ወደ አገሩ ተመለሰ። ልጆቹ ስለ ፀጉሩ ብዙ ጠየቁ። ስለ ጠመንጃው የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩትም ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋው፤ ሥራችን እሱ ነውና። እንግሊዝ ሄደ፣ የጠመንጃው ስም ግን ቀረ። ስናይደር ስናድር ሆኖ አማርኛ ገባ፤ በፉከራና በቀረርቶ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። የፈረንሳዩ «ፊዚ ግራ» ውጅግራ ሆነ። ከቤልጅግ የመጣው በአገሩ ስም ቤልጅግ ተባለ። ፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» መትረየስ ሆነ። ጠመንጃ የሚለውንም አንዳንዶች ጠብ መንጃ ማለት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከቱርክ ቋንቋ መጣ ይላሉ። ግሦቹ ግን የራሳችን ናቸው። ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል፤ ጉርሻ ከሚለው ጋር አንድ ቃል ነው። ሳይተኩስ ሲቀር ከሸፈ እንላለን፤ ዛሬ ስብሰባም ዕቅድም የሚከሽፈው ከዚያው ነው። ልጆቹ «ማጉረስ» የሚለው ለእንጀራም ለጠመንጃም መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ፤ ከዚያ አንዱ ዝም ብሎ ቆየና «አያቴ ሁለቱንም ያውቃሉ» አለ።

የሰብማሽን ጋን ነገርስ? መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት «ንዑስ መትረየስ» የሚል ነው። ለክፍሉ አቀረብኩት። አልወደዱትም። «ትንሿ መትረየስ» ያለ አለ፣ «የመትረየስ ልጅ» ያለች አለች። ድምፅ ሰጠን፣ አልተስማማንም። ሥዕሉን ያመጣው ልጅ በመጨረሻ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ሰርዞ በፊደል «ስቴን» ብሎ ጻፈ። ለምን ሲባል፣ «ስናድርንስ እንደዚህ አይደል ያሉት?» አለ።

የበሯ እናት ባለፈው ሳምንት ሥዕሉ አጠገብ ቆማ አየኋት። ምንም አላለችኝም። ልጇን ግን «ገብርዬ ማናቸው?» ብላ ስትጠይቀው ሰምቻለሁ።

አንድ የቤት ሥራ ለእናንተ። ቤታችሁ ያሉትን ወይም አገር ቤት በስልክ የምታገኟቸውን አያቶች ስናድር፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ የሚሉትን ቃላት መቼና ከማን እንደሰሙ ጠይቁልን። ከፈቀዱ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱት፤ ልጁ ራሱ ቢጠይቃቸው ይመረጣል፣ «አንቱ» እያለ። ሌላ የጠመንጃ ስም ካወቁም ጻፉልን፤ ግድግዳው ላይ ከሥዕሉ ሥር ባዶ ቦታ ትተናል።